«የማን ጥፋት ነው?» ከማለታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጌታዬ ሆይ፤ በዚህ ዐምድ ስለ ዳቦ ዋጋና ስለ ዳቦ ክብደት ብዙ ተጽፏል። እኔም አንብቤአለሁ፤ አንድ ሁለት ጊዜም ከጸሐፊዎቹ ጋር ተስማምቼ አማርሬአለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ዳቦው ሳይሆን ሊጡን ስላቦካው እጅ ነው። ጽሑፌ ረዘም ያለ ስለ ሆነ አንባቢዎችን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው። የተማሪዎችን ውጤት በመዝገብ እሞላ በነበረበት ቀን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ መምህራን ክፍል ገባና ግራ እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። በእኛ አገር ለታላቅ ሰው ግራ እጅ መስጠት እንደ ድፍረት የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ቀኝ እጁ በኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረ። «ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጨዋነቱንም እዚሁ ጥለኸው ሄድህ?» ብዬ ልቀልድበት ስል እጁን ከኪሱ አወጣው። ከአውራ ጣቱና ከትንሿ ጣቱ በቀር ሦስቱ አልነበሩም።

ይህ ልጅ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የኤሌክትሪክ መሥመር ሥዕል በሰሌዳ ላይ የሚስልልኝ ነበር። እኔ ስስለው የሚጣመመው መሥመር በእርሱ እጅ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ይል ነበር። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ስላልመጣለት በአንድ የዳቦ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ፣ በወር 4 ሺህ ብር ደመወዝ ተቀጠረ። አደጋው የደረሰበት በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ ወደ እኔ ሲመጣ ስምንት ወር ሆኖታል ማለት ነው።

ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በኮምፒዩተር የተጻፈ ነው። በራሱ ግዴለሽነት ጉዳት እንደ ደረሰበት፣ ፋብሪካው በርኅራኄ የሰጠውን የሁለት ወር ደመወዝ 8 ሺህ ብር እንደ ተቀበለ፣ ከእንግዲህ ወዲህም በፋብሪካው ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደሌለው ይናገራል። ከታች የስምና የፊርማ ቦታ አለ። ገንዘቡ ገና አልተሰጠውም፤ የሚሰጠው ሲፈርም ነው።

«መምህር፣ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ? እናቴ ፈርምና ገንዘቡን ያዝ ትለኛለች። እርስዎን ሳልጠይቅ አልፈርምም ብዬ ነው» አለኝ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኔም ምሳሬን አነሣሁ። «ቈይ እስቲ፣ አንተ ፊዚክስ የተማርህ ልጅ፣ የሚሽከረከር መኪና ውስጥ ምን ሆነህ እጅህን ትከታለህ?» አልሁት። ይህንን የተናገርሁት በቅን ልብ ነው፤ ይሁን እንጂ ካቦውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ጐረቤቱም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ልጁ አልተቈጣኝም። ስምንት ወር ሙሉ የለመደውን ጥያቄ እንደሚመልስ ሰው ሆኖ አስረዳኝ።

ሊጥ ማቡኪያው መኪና ትልቅ ገንዳ አለው። በገንዳው ውስጥ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ የብረት ክንድ ይሽከረከራል። በገንዳው አፍ ላይ ከብረት ዘንግ የተሠራ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ሲነሣ ሞተሩን የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ከማጠፊያው ጋር ተያይዟል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያደረጉት ክዳኑ ተከፍቶ ክንዱ እንዳይዞር ብለው ነው። ተማሪዬ ሥራ ሲጀምር ግን ያች ማጥፊያ በሽቦ ታስራ ነበር። መኪናው ክዳኑ ተነሥቶም ይሠራል። ለምን ታሰረች ቢሉ፣ ዱቄት በተጨመረና ሊጡ በተፈተሸ ቊጥር ክዳን ማንሣትና መዝጋት፣ መኪናውን ማቆምና ማስነሣት ጊዜ ይፈጃል፤ ዳቦው ደግሞ ከንጋቱ በፊት ለሱቆች መድረስ አለበት። ካቦው ልጁን በመጀመሪያው ሌሊት ያስተማረው እጁን እየከተተ ነው። «እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ ከገንዳው ጠርዝ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ በመዳፉ እየጠረገ ወደ መኻል ሲመልስ አሳየው።

አደጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደረሰ። በዚያ ፈረቃ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሹራቡ እጅጌ በሊጥ ርሶ ነበር፤ ክንዱ ያዘው። ዋናው ማጥፊያ የሚገኘው በዱቄት ማዳበሪያዎች ከተከለለው ግድግዳ ላይ ስለ ነበረ ጓደኛው ማዳበሪያውን ጐትቶ እስኪያጠፋው ድረስ መኪናው አልቆመም።

አሁን ለአንድ አፍታ የፊዚክስ መምህርነቴን ልጠቀምበት። እኛ ወንበር ላይ የምንውል ሰዎች «ለምን ቶሎ እጁን አልሳበም?» እንላለን። አንድ ጤነኛ ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለመሳብ እስኪጀምር ድረስ የሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በብስኩትና በፓስታ ፋብሪካ ሊጥን በሁለት ሲሊንደሮች መኻል የሚዳምጠውን መኪና እንውሰድ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ወደ ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ይዞራሉ። የሲሊንደሩ ገጽ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢጓዝ፣ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህ የጣቶች ሁሉ ርዝመት ነው፤ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ሰውየው «ወይኔ!» ብሎ ሳያስብ ጣቶቹ ገብተዋል። ሥጋ መፍጫውም፣ በየወፍጮ ቤቱ ሳይሸፈን የሚዞረው ቺንጋም ጠባያቸው ይኸው ነው። እርጥብ ሊጥና እርጥብ እጅጌ ደግሞ ጉልበቱን ያግዙታል። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ከባዱ ክንድ በያዘው ፍጥነት ጥቂት ዞሮ ነው የሚቆመው። ጥንቃቄ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በዓመት ሦስት መቶ ሌሊት አንዲት ጊዜ ሳይዘነጋ የሚያድር ሰው እኔ አላውቅም፤ እኔ ራሴ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ።

የጽዳቱ ጊዜ ከሁሉ ይብሳል። የምግብ መኪና በየፈረቃው ይታጠባል፤ የሚታጠበውም ክዳኑ ተነሥቶ፣ እጅ ገብቶ ነው። አንዱ ውስጡን ሲያጥብ ሌላው ሳያውቅ ቢያስነሣውስ? እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነበረ። ኀላፊው ሽማግሌ መምህር ምላጩን ሊቀይሩ ሲሉ የኤሌክትሪኩን ሣጥን በተንጠልጣይ ቁልፍ ይቈልፉና መክፈቻውን ኪሳቸው ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ቢሆኑም ያደርጉታል። እኛ ልጆቹ ንፉግነት መስሎን በኋላቸው እንስቅ ነበር። ዛሬ በሠለጠኑት ፋብሪካዎች ሁሉ ሥርዐቱ ይኸው ነው፤ እጁን የሚያስገባው ሰው መክፈቻውን ራሱ ይይዛል። ዋጋው የአንድ ቁልፍ ዋጋ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ወረቀቱን እንዳይፈርም ነገርሁት፤ ነገር ግን ለምን እንደማይፈርም አላወቅሁም ነበር። በማግሥቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቊጥር 1156/2011ን ፈልጌ በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገረውን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብሁት በመጀመሪያው ስላላመንሁ ነው። ዐዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። እኔና ጐረቤቱ ስምንት ወር ሙሉ የጠየቅነውን ጥያቄ ሕጉ መነሻው አላደረገውም።

ሕጉ ልቅ ነው ማለት ግን አይደለም። ሠራተኛው ሆነ ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት እንደ ሆነ አሠሪው አይጠየቅም፤ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰውነቱን መቈጣጠር እስኪያቅተው ድረስ ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት ከዚሁ ይቈጠራል። ፋብሪካው የሚደገፈውም በዚህ ነው። «ማስጠንቀቂያ ለጥፈናል» ይላሉ። ማስጠንቀቂያው በእርግጥ አለ። መኪናው ከመጣበት አገር የተጻፈና በሌሊት ፈረቃ አንድም ሰው የማያነበው ቋንቋ ነው፤ ሥዕሉንም ሊጥ ሸፍኖታል። መመሪያ ማለት ይህ ከሆነና ካቦው በእጁ እያሳየ ያስተማረው መመሪያ ካልሆነ፣ ዳኛ ይፍረደው። ዐዋጁ የደኅንነት መሣሪያን ማንሣትን፣ ከቦታው ማዛወርንና ማበላሸትን ይከለክላል። ሽቦውን ያሰረው ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ የተናገረ የለም።

አሠሪው ደግሞ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ሊያገኘው ስለሚችለው አደጋ ማስረዳትና ማሠልጠን፣ መከላከያ መስጠት፣ የደረሰውን አደጋ በመዝገብ ጽፎ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባዋል። አገራችንም በ1983 ዓ.ም. የዓለም ሥራ ድርጅትን ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የሚናገር ስምምነት ተቀብላለች፤ በዚህ ስምምነት አንድ ሠራተኛ በበቂ ምክንያት ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድ አደጋ ቀርቧል ብሎ ከሥራው ቢርቅ ሊቀጣ አይገባውም። ይህንን ለተማሪዬ ባነብለት ፈገግ አለ። «መምህር፣ ከመኪናው ብርቅ በበነጋታው ሌላ ሰው ይቆማል» አለኝ። ሠላሳ የሚያህሉ ሠራተኞች ባሉበት በዚያ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር የለም። ማኅበር ለማቋቋም በሕጉ አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ይበቃል።

ስለ ገንዘቡም ላስረዳ፤ 8 ሺህ ብር ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቀው ሲሰላ ነውና። በዐዋጁ መሠረት በጉዳቱ ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ ደመወዙ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወሮች ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያም በሚከተሉት ስድስት ወሮች ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ለተማሪዬ ሐኪም የጻፈለት ዕረፍት አራት ወር ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ 4 ሺህ 12 ሺህ ብር፣ የአራተኛው ወር 3 ሺህ ብር፣ ድምሩ 15 ሺህ ብር። ይህ እንግዲህ የጣቶቹ ነገር ገና ሳይነሣ ነው። የሕክምናው፣ የመድኀኒቱና አስፈላጊም ከሆነ የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ ለብቻው ነው።

ቋሚ ለሆነው ጉዳት የሚሰጠው ክፍያ ደግሞ እንደሚከተለው ነው። አሠሪው ለሠራተኞቹ የገባው ኢንሹራንስ ካለ በእርሱ ይታያል። ኢንሹራንስ ከሌለ ሠራተኛው በታቀፈበት የጡረታ ሕግ ይታያል። ሁለቱም ከሌሉ አሠሪው ራሱ ይከፍላል፤ ለመሥራት ፈጽሞ ላልቻለ ሰው የአምስት ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ፣ ጉዳቱ ከዚያ ላነሰ ሰው ደግሞ በጉዳቱ መጠን እየተሰላ። ተማሪዬ «ጊዜያዊ» ተብሎ ስድስት ወር የሠራ ስለ ሆነ ኢንሹራንስም የጡረታ ምዝገባም አልነበረውም። የአምስት ዓመት ደመወዙ 240 ሺህ ብር ነው። የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን ለምሳሌ ያህል 20 በመቶ ነው ቢል 48 ሺህ ብር ይሆናል። መጠኑን የሚወስነው ቦርዱ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ምሳሌውን ያነሣሁት ርኅራኄ ተብሎ ከቀረበው 8 ሺህ ብር ጐን እንዲታይ ብዬ ነው።

እናቱ ግን አልተሳሳቱም። ስምንት ወር ገቢ የሌለው ቤት ዛሬ የሚሰጥ 8 ሺህ ብር ነገ ከሚገኝ 48 ሺህ ብር ይበልጥበታል። ቤታቸው ሄጄ ሳስረዳቸው «ልጄ፣ እርስዎ ደግ ነዎት፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት የበላው ጊዜ ለእኛ እንጀራ አይሆነንም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሥራ ክርክር ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ ነገርኋቸው፤ ጥቂት ቀለል አላቸው።

አሁን ወደ እኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ልምጣ። ይህን ጋዜጣ በጠዋት ሻይ ላይ የምናነበው አብዛኛዎቻችን በአንድ ጠረጴዛ ኋላ የምንቀመጥ ነን፤ እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለእኛ የሚሠራው ሕግ ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ የእኛ ጠረጴዛ ጣት አይቈርጥም። ነገር ግን የተቈረጠበት ሰው የሚመጣው ወደ ጠረጴዛችን ነው። ሕጉ የሠራተኛው ጥያቄ፣ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ተማሪዬ ያጠፋው ስምንት ወር እቤቱ ተኝቶ ያሳለፈው አይደለም። አራቱን በሕክምና፣ አራቱን በጠረጴዛ ነው።

በመጀመሪያ የታከመበት ሐኪም ቤት የሰጠው ካርድ «የቀኝ እጅ ቁስል፣ ሦስት ጣት የተቈረጠ» ይላል። በምን ተቈረጠ? የት? አልተጻፈም። በሌሊት የተቀበለው ሰው «ሊጥ ማቡኪያ መኪና፣ በሥራ ላይ» ብሎ አምስት ቃል ቢጨምር ኖሮ ከዚያ በኋላ የጠፋው ሦስት ሳምንት ባልጠፋ ነበር፤ ካርዱን የጻፈው ሐኪም ተዛውሮ ስለ ነበረ የሚያርመው ሰው ሲፈለግ ነው ጊዜው ያለፈው። ከዚያ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደ። «አደጋው ስለ መድረሱ ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ» አሉት። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከስም ዝርዝር ሰርዞታል፤ «አናውቅህም» አለው። ከሳሽ ከተከሳሹ የምስክርነት ደብዳቤ ይዞ እንዲመጣ የሚጠየቅበት ሌላ ነገር እንዳለ እኔ አላውቅም። በሌላው ቀን ኔትወርክ የለም ተባለ። በሌላው ቀን ስብሰባ ነበር። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀውም። ሁሉም «ሰኞ ተመለስ» አሉት። ሰኞ ግን ብዙ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መኻል አንዲት ወጣት ጸሐፊ ነበረች። ጉዳዩ የእርሷ ክፍል አልነበረም። ነገር ግን አደጋው የደረሰበትን ቀን ጠይቃ፣ በካርዱ ቅጂ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ ቀን ጻፈችለት፤ «ከዚህ ቀን በፊት ክስህን ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ካላቀረብህ በይርጋ ይቀርብሃል፤ ከዚህ ሁሉ ወረቀት ይልቅ ይህን አትርሳ» አለችው። ተማሪዬ ወደ እኔ የመጣው በዚያች በእርሳስ በተጻፈችው ቀን ምክንያት ነው። ስሟን ባውቅ ኖሮ በዚህ ጽሑፍ አመሰግናት ነበር።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ የድኻ አገር ነገር ነው» ይል ይሆናል። ሌላውም ዓለም ከዚህ አልተወለደም፤ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። እንግሊዞች በፋብሪካ የሚሽከረከረው ብረት እንዲከለል በሕግ ያዘዙት በ1844 እ.ኤ.አ. ነው፤ «የማን ጥፋት ነው?» ሳይባል የሥራ ጉዳት ካሳ የሚከፈልበትን ሕግ ግን እስከ 1897 እ.ኤ.አ. አላወጡም፤ ጀርመኖች በ1884 እ.ኤ.አ. ቀድመዋቸው ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ካነበብኋቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊው አፕተን ሲንክለር በ1906 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ጀንግል» ነው። ሰውየው የጻፈው በሺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች ስለሚማቅቁ ሠራተኞች ነበር። አንባቢው ግን የደነገጠው በሠራተኛው ጉዳት ሳይሆን ሥጋው ንጹሕ ባለመሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሥጋ ምርመራና የምግብ ንጽሕና ሕጎች ታወጁ፤ ሠራተኛው ግን እንደ ነበረ ቀረ። ይህን ያነሣሁት እኛም ዳቦ ውስጥ ፀጉር ስናገኝ ስንት ቀን እንደምንናገር ስለማውቅ ነው።

ባለ ፋብሪካውን እንደ ክፉ ሰው አድርጌ ለማሳየት አልፈልግም። በዚህ በዱቄትና በመብራት ጣጣ ዳቦ ማቅረብ ቀላል ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን ክዳን ከመኪናው ጋር አብሮ ገዝቶታል፤ ገንዘቡን ከፍሎበታል። ሽቦው ነው ከኋላ የመጣው።

ወረቀቱን ተማሪዬ አልፈረመም። እኔ፣ እርሱና አንድ ሕግ ያጠና የሥራ ባልደረባዬ ተቀምጠን የክሱን ማመልከቻ ጻፍን፤ በእርሳስ የተጻፈችው ቀን ከመድረሷ በፊትም ገባ። በሌሊት ማጥፊያውን ያጠፋው ጓደኛው ምስክር እንዲሆን ተጠይቆ አመነታ፤ እርሱ አሁንም እዚያው ይሠራልና ልፈርድበት አልችልም። በኋላ ግን መጣ። የሐኪሞች ቦርድ መርምሮታል፤ ክሱ ግን ገና አላለቀም። ስለዚህም ስለ ፍርዱ ምንም አልልም፤ የፋብሪካውንም ስም በዚህ አላነሣም። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ግን በጽሑፍ አስታውቄአለሁ።

ጓደኛውን ለምስክርነት በመጣበት ቀን ስለ ሽቦው ጠይቄው ነበር። አሁንም አለ አለኝ። በተማሪዬ ቦታ ሌላ ልጅ ተቀጥሯል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካቦው አሳይቶታል። አንድ ቀን ተቈጣጣሪ መጥቶ እንደ ነበረም ነገረኝ። የመጣው ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቀን ቀን ሽቦው ይፈታል፣ ክዳኑም ይዘጋል፤ ተቈጣጣሪው አይቶ፣ ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ስለዚህ ጌታዬ ሆይ፤ ጽሑፌ ቢወጣና ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢያነበው፣ አንድ ልመና አለኝ። እንደገና ሰው የሚላክ ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይላክ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር
አዲስ አበባ